መሪካኒ፣ የሎዌል ሴቶችና አሥሩ ሰዓት

ዘንድሮ የትምህርት ቤታችን የቲያትር ክበብ ለመድረክ መጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ሲፈልግ ከተማሪዎቹ ጋር አብሬ ናይሮቢ ቢያሻራ ጎዳና ወርጄ ነበር። ባለሱቁ ወፈር ያለ፣ ያልነጣ፣ ቀለሙ ወደ ቅቤ የሚያደላ የጥጥ ጨርቅ ከመደርደሪያ አወረደና «መሪካኒ» አለን። እናቶቻችን አቡጀዲ የሚሉት ዓይነት ነው። ከተማሪዎቹ አንዷ «አሜሪካ ነው እንዴ የሚሠራው?» ብላ ጠየቀች። ባለሱቁ ሳቀና አሥር ሜትር ለካልን። ጥያቄው ግን የሚያስቅ አልነበረም። ይህ ጽሑፍ ለዚያች ተማሪ የምሰጠው ረዘም ያለ መልስ ነው።

አዎ፣ አሜሪካ ነበር የሚሠራው። በ1833 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካ ከዛንዚባሩ ሱልጣን ከሰይድ ሰዒድ ጋር የንግድ ውል ተዋዋለች። በዚያ ዘመን ሴለም ከምትባል የማሳቹሴትስ ወደብ የሚነሱ መርከቦች ያልነጣ የጥጥ ጨርቅ ጭነው ወደ ዛንዚባር ይመጡ፣ የዝሆን ጥርስና የዛፍ ሙጫ ጭነው ይመለሱ ጀመር። ጨርቁ ጠንካራና ርካሽ ስለነበር ከባሕር ዳርቻው ወደ መሐል አገር በሚጓዘው ሲራራ ንግድ እንደ ገንዘብ እስከመመንዘር ደረሰ። ስሙም ከአገሩ ስም መሪካኒ ተባለ። ወደ እኛም አገር መጥቷል። በ1903 ሮበርት ስኪነር የተባለው የአሜሪካ መልእክተኛ ከዳግማዊ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ለመፈራረም አዲስ አበባ ድረስ የተጓዘበት አንዱ ዋና ምክንያት ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነው።

ታዲያ ጨርቁን ማን ሠራው? በታሪክ ክፍለ ጊዜ «የኢንዱስትሪ እድገት መጣ፤ ከዚያ ማኅበራዊ ማሻሻያ ተከተለ» ብለን በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን። እኔም ለብዙ ዓመታት እንዲሁ ነው ያስተማርሁት። አሁን የሚያሳስበኝ «ከዚያ» የምትለዋ ትንሽ ቃል ናት። የአሜሪካ የጨርቅ ፋብሪካዎች እናት በሆነችው በሎዌል ከተማ «ከዚያ» አርባ ዓመት ፈጅታለች፤ በራሷም አልመጣችም።

ነገሩ የሚጀምረው በማስታወስ ችሎታ ነው። ፍራንሲስ ካቦት ሎዌል የቦስተን ነጋዴ ነበር። በ1810 ወደ እንግሊዝ ሄዶ የሽመና ፋብሪካዎችን እየተዘዋወረ ተመለከተ። እንግሊዞች የመኪናዎቻቸው ንድፍ ከአገር እንዳይወጣ በሕግ ከልክለው ነበር። ሎዌል ግን ያየውን በጭንቅላቱ ይዞ በ1812 ተመለሰ። ጳውሎስ ሙዲ ከተባለ የመኪና ሠራተኛ ጋር ሆኖ በውኃ ኃይል የሚሠራ የሽመና መኪና ሠራ፤ በዋልታም ከተማም ጥጡ በአንድ በር ጥሬውን ገብቶ በሌላው በር ጨርቅ ሆኖ የሚወጣበትን ፋብሪካ አቋቋመ። መፍተሉም መሸመኑም በአንድ ጣሪያ ሥር ሆነ ማለት ነው። ሰውየው በ1817 ገና በ42 ዓመቱ ሞተ። ሸሪኮቹ በ1822 የሜሪማክ ወንዝ አሥር ሜትር ያህል በሚወርድበት በፖታኬት ፏፏቴ አጠገብ አዲስ ከተማ ቆርቁረው በስሙ ሰየሟት። በ1826 ነዋሪዋ 2,500 ያህል ነበር። በ1840 ከ20 ሺህ አለፈ፤ በ1850 ደግሞ ከ33 ሺህ በላይ ሆነ።

ሠራተኞቹ በብዛት ሴቶች ነበሩ። አብዛኞቹ በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ያሉ የኒው ኢንግላንድ ገበሬዎች ልጆች ናቸው። ከዚያ በፊት እነዚህ ልጆች ቤታቸው ተቀምጠው ይፈትሉና ይሸምኑ ነበር። የፋብሪካ ጨርቅ ሲረክስ የእጅ ሥራቸው ዋጋ አጣ፤ ስለዚህ ሥራቸውን የወሰደባቸውን ፋብሪካ ተከትለው ሄዱ። ወላጆች ደግሞ የእንግሊዝ ፋብሪካ ከተሞችን መጥፎ ወሬ ሰምተዋልና ልጆቻቸውን እንዲሁ አይለቁም። ኩባንያዎቹ ይህን አውቀው ከፋብሪካው አጠገብ በጡብ የተሠሩ ማደሪያ ቤቶችን ሠሩ። በየቤቱ ብዙውን ጊዜ ባሏ የሞተባት አንዲት እመቤት ትሾማለች። በአንድ ክፍል ከአራት እስከ ስምንት ልጃገረዶች፣ በአንድ አልጋ ሁለት ሁለት ሆነው ያድራሉ። ከምሽቱ 4 ሰዓት በሩ ይዘጋል፤ እሑድ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ግዴታ ነው።

ክፉውን ብቻ ማውራት ደግሞ እውነቱን ማጉደል ነው። እነዚህ ሴቶች በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የራሳቸው የሚሉት ጥሬ ገንዘብ በእጃቸው ገባ። ባንክ አስቀመጡ፣ ወንድሞቻቸውን አስተማሩ፣ መጽሐፍ ተከራይተው አነበቡ፣ ማታ ማታ ትምህርታዊ ንግግር ለመስማት ሄዱ። «ሎዌል ኦፈሪንግ» የሚባል መጽሔትም ነበራቸው፤ ጽሑፎቹን የሚጽፉት ራሳቸው ሠራተኞቹ ናቸው። በ1842 ከተማዋን የጎበኘው እንግሊዛዊው ደራሲ ቻርልስ ዲከንስ በየማደሪያው ፒያኖ፣ በእጃቸውም መጽሔት አይቶ ተደንቆ ሄዷል። እሱ ግን የቆየው አንድ ቀን ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። ሎዌል የምትተዳደረው በደወል ነበር። መነሻውም፣ መግቢያውም፣ ቁርሱም፣ ምሳውም፣ መውጫውም በደወል ነው። በበጋ ሥራ የሚጀመረው ንጋት 11 ሰዓት ሲሆን የሚያበቃው ምሽት 1 ሰዓት ነው። ለቁርስ ግማሽ ሰዓት፣ ለምሳ 45 ደቂቃ ይሰጣል፤ ሮጦ ማደሪያ መድረስና ሮጦ መመለስም ከዚያው ላይ ነው። ተማሪዎች እስቲ አስሉት፦ ከ14 ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ከሩብ ሲቀነስ 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይቀራል። በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 76 ሰዓት ተኩል ነው። በክረምት ቀኑ ስለሚያጥር ትንሽ ይቀንሳል። የግዛቱ ምክር ቤት ራሱ በ1845 ባወጣው ዘገባ የዓመቱ አማካይ በቀን 12 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነበር።

ሰዓቱ ይህን ያህል ሆኖ ሳለ ሥራውም እየከበደ ሄደ። መጀመሪያ አንዲት ሸማኔ ሁለት መኪና ትጠብቅ ነበር። በ1840ዎቹ ሦስትና አራት እንድትጠብቅ ሆነ፤ መኪናውም ፈጠነ። ክፍያው በሠሩት ጨርቅ ልክ ስለሆነ ብዙ ሲሠሩ ብዙ የሚያገኙ ይመስላል። ኩባንያዎቹ ግን የአንዱን ጥቅል ዋጋ ዝቅ ያደርጉታል። ስለዚህ ሴቲቱ ሁለት እጥፍ ሠርታ ደመወዟ ባለበት ይቆማል ማለት ነው።

የመጀመሪያው ተቃውሞ በሰዓት ሳይሆን በገንዘብ ምክንያት ተነሣ። በየካቲት 1834 ደመወዝ በ15 በመቶ እንደሚቀነስ ሲነገር 800 ያህል ሴቶች ሥራ አቁመው በሰልፍ ወጡ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ተበተኑ፤ ቅነሳውም ጸና። በጥቅምት 1836 ደግሞ ለማደሪያና ለምግብ የሚከፈለው ሲጨመር ከ1,500 በላይ ሴቶች ወጡ። ያን ጊዜ ገበያው ደርቶ ኩባንያዎቹ ሠራተኛ አጥተው ስለነበር ተቃውሞው ለሳምንታት ቆየ፤ አንዳንዶቹም ጭማሪውን አነሱ።

ከሁለተኛው ሰልፍ ውስጥ አንዲት የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ አለች። ሀሪየት ሀንሰን ትባላለች። አባቷ ሞቶ እናቷ የማደሪያ ቤት እመቤት ነበረች። ሀሪየት በአሥር ዓመቷ ፋብሪካ ገብታ ሥራዋ በፈትል የሞላውን ቀሰም ከመኪናው እያነሳች ባዶውን መተካት ነበር። የሰልፉ ዕለት በሌሎቹ ክፍሎች ያሉት ወጥተው በእሷ ክፍል ያሉት ትልልቆቹ «እንውጣ ወይስ እንቅር?» እያሉ ያመነቱ ጀመር። ልጅቱ ትዕግሥቷ አለቀና «እናንተ ብትወጡም ባትወጡም እኔ እሄዳለሁ» ብላ ተነሣች። ዘወር ብላ ስታይ ከኋላዋ ረጅም ሰልፍ ተከትሏታል። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ልብ በሉ። ኩባንያው እናቷን ከማደሪያ ቤት ኃላፊነቷ አባረራት። የተሰጣት ምክንያትም ትልልቆቹን ልጃገረዶች መከልከል ባትችዪ እንኳ የገዛ ልጅሽን መከልከል ነበረብሽ የሚል ነው። አራት ልጆች የምታሳድግ እናት ናት።

ሥራ ማቆም እንዲህ ዋጋ ስለሚያስከፍል ሴቶቹ ሌላ መንገድ ፈለጉ፤ እሱም አቤቱታ ነው። የመምረጥ መብት የላቸውም፤ ስማቸውን በወረቀት ላይ መጻፍ ግን የሚከለክላቸው ሕግ የለም። በዚህ በኩል የተለማመዱም ነበሩ፤ ብዙዎቹ ባርነት እንዲቀር ለሚጠይቁ አቤቱታዎች ፈርመዋል። እዚህ ላይ አንድ የማይመች እውነት አለ። ሎዌል የምትፈትለው ጥጥ በደቡብ ግዛቶች በባርነት የተያዙ ጥቁሮች የለቀሙት ነው። የሎዌል ፋብሪካዎች ከሠሩት ሻካራ ጨርቅ ከፊሉም ተመልሶ ለእነዚያው ባሪያዎች ልብስ እንዲሆን ለጌቶቻቸው ይሸጥ ነበር። ከሴቶቹ አንዳንዶቹ ይህን አውቀው ይናገሩት ነበር። የኩባንያው ባለቤቶችም ያውቁታል፤ ትርፋቸው እዚያ ነበር።

የአቤቱታው መሪ ሣራ ባግሊ ናት። ከኒው ሀምፕሻየር መጥታ ከ1837 ጀምሮ በሎዌል ስትሸምን የኖረች ሴት ናት። በ1844 መጨረሻ ከጥቂት ጓደኞቿ ጋር የሎዌል ሴት ሠራተኞች የማሻሻያ ማኅበርን አቋቋመች፤ በጥቂት ወራትም አባላቱ በመቶዎች ተቆጠሩ። የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ የሥራ ቀን በሕግ አሥር ሰዓት ይሁን። አዲስ ሐሳብ አልነበረም። በ1840 ፕሬዚዳንት ቫን ቢዩረን በፌዴራል መንግሥት የግንባታና የመሰል ሥራዎች ላይ የተሰማሩ ሠራተኞች በቀን አሥር ሰዓት ብቻ እንዲሠሩ አዝዘው ነበር። ለወንዶቹ የመንግሥት ሠራተኞች የተቻለ ነገር ለሸማኔዎቹ ለምን አይቻልም?

ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት የቀረቡት አቤቱታዎች በአጠቃላይ 2,139 ስሞች ነበሩባቸው። ከእነዚህ 1,151ዱ ከሎዌል የመጡ ሲሆኑ በጣም የሚበዙት የሴቶች ስሞች ናቸው። ምክር ቤቱ ጉዳዩን የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ሰብሳቢው ዊልያም ሹለር የሎዌል ተወካይና የጋዜጣ አዘጋጅ ነበር። ለአመልካቾቹ የላከው መልእክት ብልጠት አለበት፤ አብዛኞቻችሁ ሴቶች ስለሆናችሁ ራሳችሁ ቀርባችሁ ካላስረዳችሁ ጉዳዩን ለመተው እንገደዳለን አላቸው። በዚያ ዘመን ሴት በአደባባይ፣ ያውም በወንዶች ጉባኤ ፊት ቆማ መናገሯ እንደ ነውር ይቆጠር ነበርና አፍረው የሚቀሩ መስሎት ይሆናል።

አልቀሩም። የካቲት 13 ቀን 1845 ቀርበው መሰከሩ። ኤሊዛ ሄሚንግዌይ የተባለችው ሸማኔ ስለ አየሩ ተናገረች። በምትሠራበት ክፍል ውስጥ ወደ 150 ሰው እንዳለ፣ ከመካከላቸውም ልጆች እንደሚገኙበት አስረዳች። ሲመሽ በክፍሉ የሚበሩት መብራቶች 293 ትንንሽና 61 ትልልቅ እንደሆኑም ነገረቻቸው። መስኮቱ ዝግ ነው፤ መብራቶቹ ደግሞ እንደ እኛ ኩራዝ ዘይት የሚያነዱ ናቸው። ይህን ምስክርነት ሳነብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቁጥሩ ነው። ከመኪናው ዓይኗን መንቀል የማትችል ሴት 354 መብራት ቆጥራለች ማለት ነው። «በጣም ብዙ ጭስ አለ» ብትል ኮሚቴው «ሴቶች ያጋንናሉ» ብሎ ባለፋት ነበር። ሣራ ባግሊ ደግሞ ስለ ጤና ስትጠየቅ ዋናው ጉዳት ለምግብ የሚሰጠው ጊዜ ማጠር መሆኑን ተናገረች። ቀጥሎ ያለው የሥራው ሰዓት መርዘም ነው አለች፤ አእምሯቸውን የሚያሳድጉበት ጊዜ አይተርፋቸውምና።

ኮሚቴው ሎዌል ድረስ ሄዶ ፋብሪካዎቹን ጎበኘ። በዘገባው ላይ ክፍሎቹ ንጹሕ መሆናቸውን፣ በመስኮቶቹ ላይም የአበባ ማሰሮ ማየቱን ጽፏል። የደረሰበት ውሳኔ ግን መልካም ሊነበብ የሚገባው ነው፤ ምክንያቱም ክፉ ሰው የጻፈው አይመስልም። በደል እንዳለ ይቀበላል። ሰዓቱ ቢያጥር፣ የምግብ ጊዜው ቢረዝም፣ አየሩም ቢሻሻል ጥሩ እንደሆነ ያምናል። ነገር ግን መፍትሔው በእኛ እጅ አይደለም ይላል። ሠራተኛው የራሱን ውል መዋዋል የሚችል አስተዋይ ነው፤ ሰዓት ሲቀነስ ደመወዝ ይቀንሳል፤ ፋብሪካዎቻችን ከሌሎች ግዛቶች ጋር ይወዳደራሉ፤ ጥበብና ሳይንስ ሲያድጉ፣ የገንዘብ ፍቅርም ሲቀንስ ነገሩ በራሱ ይሻሻላል ነው የሚለው። በአጭሩ፣ እድገቱን ጠብቁ ማለት ነው።

የሎዌል ሴቶች ግን አልጠበቁም። በዚያው ዓመት በኅዳር በተደረገው ምርጫ ሹለር እንዳይመረጥ ቀሰቀሱ። ራሳቸው ድምፅ ባይኖራቸውም ድምፅ ያላቸው ወንዶች ጎረቤቶች ነበሯቸው። ሹለር ተሸነፈ። ማኅበሩም ለመራጮቹ የምስጋና መግለጫ አወጣ፤ መግለጫው ሰውየውን በሚገባው መረሳት ውስጥ ስለጣላችሁልን እናመሰግናለን የሚል ይዘት ነበረው። በ1846 እንደገና አቤቱታ ቀረበ፤ ከሎዌል ብቻ ከ4 ሺህ በላይ ሰው ፈረመ። አሁንም ምክር ቤቱ እንቢ አለ።

ከዚያ በኋላ ድሉ የመጣው በፍርፋሪ ነው። በ1847 የሎዌል ኩባንያዎች ከሥራው ቀን ግማሽ ሰዓት ቀነሱ። በዚያው ዓመት ጎረቤቲቱ ኒው ሀምፕሻየር በአሜሪካ የመጀመሪያውን የአሥር ሰዓት ሕግ አወጣች። ሕጉ ግን ሠራተኛው ተስማምቶ ከፈረመ የበለጠ ይሠራል የሚል ቀዳዳ ነበረበት። አሠሪዎቹም የረጅም ሰዓት ውል አቅርበው «ፈርሙ ወይም ውጡ» አሉ። ኮሚቴው ያለው «የራስን ውል መዋዋል» በተግባር ምን እንደሚመስል እዚህ ላይ ታየ። በ1853 የሎዌል ኩባንያዎች ቀኑን ወደ 11 ሰዓት አወረዱት። ማሳቹሴትስ ሴቶችና ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆች በፋብሪካ ከአሥር ሰዓት በላይ እንዳይሠሩ በሕግ የወሰነችው በ1874 ነው። ባግሊ ከመሰከረች 29 ዓመት፣ ከመጀመሪያው ሰልፍ ደግሞ 40 ዓመት አልፏል።

በመካከሉ ሎዌል ራሷ ተለውጣ ነበር። የገበሬዎቹ ልጆች ሥራው ሲከብድና ክፍያው ሲጎድል እየተዉት ሄዱ፤ በእነሱ ቦታ ከረሃብ የሸሹ አየርላንዳውያን፣ ቆይቶም ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳውያን ገቡ። በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ ሲጀመር የደቡቡ ጥጥ ቆመና ብዙዎቹ ፋብሪካዎች ተዘጉ። ለዛንዚባር ይላክ የነበረው መሪካኒም ያን ጊዜ ተመናመነ፤ የእንግሊዝና የህንድ ጨርቅ ገበያውን ያዘ። ስሙ ግን በሰዉ አፍ ላይ ቀረ፤ ቢያሻራ ጎዳና ላይ የሰማነው እሱን ነው። የ1874ቱን ሕግ የተጠቀሙበት እንግዲህ አቤቱታውን ያልፈረሙ፣ ብዙዎቹም በ1845 ያልተወለዱ ሴቶች ናቸው።

ሣራ ባግሊ ከሽመናው ወጥታ በ1846 ሎዌል ውስጥ የቴሌግራፍ ሠራተኛ ሆነች፤ በአገሪቱ በዚያ ሙያ ከተሰማሩት የመጀመሪያዎቹ ሴቶች አንዷ ናት። ቆይታም በፊት በቦታው ይሠራ ለነበረው ወንድ ይከፈል የነበረው ለእሷ እንደማይከፈል አወቀች።

ሀሪየት ሀንሰን አግብታ ሀሪየት ሮቢንሰን ተባለች፤ ልጆች ወለደች፤ ደራሲ ሆነች፤ ዕድሜዋን ሙሉም ለሴቶች የመምረጥ መብት ታገለች። በ1898 የፋብሪካ ሕይወቷን በመጽሐፍ አሳተመች። በአሥራ አንድ ዓመቷ ዘወር ብላ ያንን ሰልፍ ባየች ጊዜ የተሰማትን ኩራት ከዚያ በኋላ በምንም ነገር እንዳላገኘችው እዚያ ጽፋለች። ግዛቷ ለሴቶች የመምረጥ መብት እስክትሰጥ ድረስም ዳግመኛ እንደማታገኘው አክላለች። በ1911 ሞተች። አሜሪካ ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ሴቶች በጾታቸው ምክንያት ከመምረጥ እንዳይከለከሉ የደነገገችው በ1920 ነው።